በስሙ መጨረሻ «ኢ» ያለበት ፕሪንተር፦ ያለ አካውንትና ያለ ኢንተርኔት ያትማል?

መገናኛ_02

ሰላም ወገኖች። ከሜሪላንድ ኤችፒ ዴስክጄት 2755ኢ ሊመጣልኝ ነው፤ ገና አልተገዛም። የሚፈለገው ለቤት ነው፦ የልጆች መልመጃ፣ የሰነድ ኮፒ፣ አንዳንዴ ስካን። በወር 100 ገጽ ቢሞላ ነው። ቤት ውስጥ ቋሚ ዋይፋይ የለም፣ በስልክ ዳታ ነው የምንጠቀመው፤ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። ማስታወቂያው ላይ «ከኤችፒ ፕላስ ጋር የወራት ነጻ ቀለም» ይላል፤ አካውንት መክፈትም ግዴታ ይመስላል። ያለ ኢንተርኔት ያትማል? ቀለሙስ እዚህ ይገኛል? በተመሳሳይ ዋጋ ሌዘርጄት ኤም209ዲደብሊውኢ በቅናሽ አለ ተብያለሁ፤ እሱ ይሻል ይሆን?

ጥገና_ፒያሳ

መጀመሪያ ኤችፒ ፕላስ ምን እንደሆነ ይታወቅ። በ2020 የመጣ አሠራር ነው፤ በሞዴሉ ስም መጨረሻ ያለችው «ኢ» ምልክቱ ናት። አንዴ ከተቀበሉት ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የኤችፒ አካውንት፣ የማይቋረጥ የኢንተርኔት ግንኙነት፣ ፕሪንተሩ እስኪያረጅ ድረስ የኤችፒ ኦሪጅናል ቀለም ብቻ። በምላሹ ተጨማሪ ዋስትናና ለጥቂት ወራት የ«ኢንስታንት ኢንክ» ቀለም ይሰጣል። ኢንስታንት ኢንክ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ ያለው የቀለም ምዝገባ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ውስጡ ቀለም ቢኖርም ካርትሪጁ (የቀለሙ መያዣ) ማተም ያቆማል። ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎቱ ስለሌለ «ነጻ» የተባለው ለእርስዎ ምንም አይጠቅምም።

እንደ 2755ኢ ባሉት የቀለም ፕሪንተሮች ላይ ኤችፒ ፕላስ በምርጫ ነው። ምርጫው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ሲዘጋጅ። «አዎ» ከተባለ አይመለስም፤ ፋብሪካ ሪሴትም አያስወጣውም፣ ፕሪንተሩ ባለቤት ቢቀይርም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የሚልክልዎት ሰው «ሞክሬ ልላክልህ» ብሎ እዚያ እንዳያዘጋጀው አስቀድመው ይንገሩት። ሳጥኑ ሳይከፈት ይምጣ።

እዚህ ሲደርስ በጣም ንጹሁ መንገድ የዩኤስቢ ኬብል ነው፤ በፕሪንተሩ በኩል አራት ማዕዘን ጫፍ ያለው የተለመደው ነው። ከፕሪንተሩ ጋር ላይመጣ ስለሚችል ለብቻ ይገዛል። በአንዳንድ ሞዴሎች ከኋላ ያለው ቀዳዳ በስቲከር ተሸፍኗል፤ ይላጡት። ኮምፒውተሩ ድራይቨር (ፕሪንተሩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ለማውረድ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የስልክ ሆትስፖት ይበቃዋል። ሆትስፖቱን የሚያገናኙት ግን ከኮምፒውተሩ ጋር እንጂ ከፕሪንተሩ ጋር አይደለም። «ኤችፒ ስማርት» የሚባለውን አፕ ካልጫኑት አካውንት የሚጠይቅዎት የለም። ከጫኑት ግን «ኤችፒ ፕላስን አግብር» የሚል ገጽ ሲመጣ እምቢ የሚለውን ይጫኑ። አዝራሩ አነስ ብሎ ከታች ሊቀመጥ ስለሚችል እያነበቡ ይለፉ።

በስልክ ለማተምም ኢንተርኔት አያስፈልግም። ፕሪንተሩ «ዋይፋይ ዳይሬክት» የሚባል የራሱ ኔትወርክ ያሰራጫል። ስሙና የይለፍ ቃሉ የመረጃ አዝራሩን ሲጫኑ በሚወጣው ገጽ ላይ ታትሟል። ስልኩን ከዚያ ጋር ያገናኙና አይፎን ከሆነ ኤርፕሪንት በሚባለው የስልኩ የራሱ ማተሚያ፣ አንድሮይድ ከሆነ ሞፕሪያ በሚባለው የማተሚያ አፕ ያትሙ። ስልኩ «ይህ ኔትወርክ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ሊወጣ ሲል «ቆይ» ይበሉት፤ «ፕሪንተሩ አልተገኘም» የሚለው ችግር አብዛኛው ከዚህ ነው። በዚያው ግንኙነት ብራውዘር ላይ 192.168.223.1 ብለው ቢጽፉ የፕሪንተሩ ማስተካከያ ገጽ ይከፈታል።

ባለ_220

ሌዘሩን ይተዉት። እዚያ የሚሸጠው ኤም209ዲደብሊውኢ በ110–127 ቮልት ብቻ የሚሠራ ነው፤ የእኛ 220 ላይ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል። የቀለም ፕሪንተሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ መሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ይበቃቸዋል፤ ቢሆንም ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የሌዘር ልዩነቱ ፊውዘሩ ነው፦ ቶነሩን (የሌዘሩን የዱቄት ቀለም) ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ማሞቂያ በቀጥታ በአገሩ ቮልቴጅ ነው የሚሠራው። «ትራንስፎርመር እገዛለሁ» የሚል ሰው ፊውዘሩ ሲሞቅ በአንዴ የሚስበውን ያስላ፤ 300 ወይም 500 ዋት የሚሉት ትንንሾቹ አይችሉትም።

በዚያ ላይ «ኢ» ያላቸው ሌዘሮች እንደ ቀለሞቹ እምቢ የሚባልበት ምርጫ የላቸውም። ያለ አካውንትና ያለ ኢንተርኔት ዝግጅታቸው አያልቅም። ሌዘር የግድ ከተባለ ያለ «ኢ» የሆነውን፣ ለ220 ቮልት የተሠራውን፣ እዚሁ ይግዙ።

መገናኛ_02

አመሰግናለሁ፣ ሌዘሩ ቀረ። ያለ አፑ ስካን ማድረግስ ይቻላል? ስለ ቀለሙም ማንም አልነካም።

ጥገና_ፒያሳ

ስካን ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው «ፋክስ ኤንድ ስካን»፣ ማክ ላይ «ኢሜጅ ካፕቸር»፣ ብዙ ገጽ በአንድ ፒዲኤፍ ለማድረግ ደግሞ «ናፕስ2» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አለ። ለሰነድ 300 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መለኪያ) ይበቃል፤ 600 ፋይሉን ከማክበድ ሌላ ለጽሑፍ የሚጨምረው የለም።

ቀለም_በጅምላ

ሐሳቡን የሚያስቀይረው ቀለሙ ነው። 2755ኢ የሚወስደው ቁጥር 67 ሲሆን እሱ ለሰሜን አሜሪካ የተመደበ ነው። ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ የተመደበው አቻው 305 ነው። ቅርጻቸው ቢመሳሰልም ፕሪንተሩ የካርትሪጁን ቺፕ አንብቦ የሌላ ክልል ከሆነ አይቀበለውም። ስለዚህ 67 ሁልጊዜ ከውጭ መምጣት አለበት። መደበኛው ጥቁር 120 ገጽ፣ ብዙ ቀለም የሚይዘው ኤክስኤሉ 240 ገጽ ገደማ ነው የሚያትመው፤ በወር 100 ገጽ ለሚያትም ሰው ኤክስኤሉ ሁለት ወር ከምናምን ነው።

መሙላት ይቻላል። ኤችፒ ፕላስ ያልገባ ፕሪንተር የራሱን ኦሪጅናል ቺፕ የያዘ የተሞላ ካርትሪጅ ይቀበላል፤ የሚከለክለው የሌላ ድርጅት ቺፕ ያለበትን ነው። ክልከላውን የሚያጠብቀው ከኢንተርኔት የሚወርደው የፈርምዌር (የፕሪንተሩ የውስጥ ሶፍትዌር) ዝመና ስለሆነ ፕሪንተሩን ከኔት አርቆ ማኖር እዚህም ላይ ይጠቅማል። ኤችፒ ፕላስ የገባው ግን የተሞላውንም ሊከለክል ይችላል። ለጥቁሩ ፒግመንት (ደቃቅ ዱቄት ያለበት ቀለም)፣ ለባለ ቀለሙ ዳይ (በፈሳሹ የሟሟ ቀለም) ይጠቀሙ፤ ከተቀላቀሉ ቀዳዳው ይደፈናል። በመርፌ ቀስ ብለው ይሙሉ፣ ከላይ ብቅ ማለት ሲጀምር ያቁሙ። ከዚያ በኋላ ፕሪንተሩ «ባዶ» ማለቱን አይተውም፤ ማስጠንቀቂያውን አልፎ ያትማል። ግን የሚታተመው ገጽ እስኪነጣ አይጠብቁ። የማተሚያው ራስ ካርትሪጁ ላይ ነው ያለው፣ የሚያቀዘቅዘውም ቀለሙ ነው፤ ደርቆ ካተመ ይቃጠላል፣ ያ ካርትሪጅ ዳግም አይሞላም።

ስለ መብራቱ፦ ሁልጊዜ በራሱ አዝራር ያጥፉት። አዝራሩ ሲጫን ካርትሪጆቹ ወደ ጥግ ሄደው ይከደናሉ። እያተመ መብራት ከሄደ የማተሚያው ራስ ሳይከደን ስለሚቀር ቀለሙ ይደርቃል፤ መብራት ሲመለስ አብርተው ቦታው እስኪገባ ይጠብቁና በአዝራሩ ያጥፉ። በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተምም ይጠብቀዋል።

ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ግን የእኔ ምክር ፕሪንተሩ አይላክ ነው። ያ ገንዘብ እዚህ በጠርሙስ ለሚሞላ ፕሪንተር መነሻ ይሁን። ኤፕሰን ኤል3210 ስካንና ኮፒ አለው፣ በዩኤስቢ ብቻ ይሠራል፣ አካውንት አይጠይቅም፤ ዋይፋይ ከፈለጉ ኤል3250 አለ። አንድ ጥቁር ጠርሙስ 65 ሚሊ ሊትር ነው፣ ኩባንያው 4,500 ገጽ ይላል፤ ሦስቱ ቀለሞች አብረው 7,500። በወር 100 ገጽ ለሚያትም ቤት አንዱ ጠርሙስ ዓመታት ይዘልቃል። መጀመሪያ ሲሞላ ቀለሙን ወደ ቱቦው ለመሳብ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ሥራው ስለሚደገም ብዙ ቀለም ይባክናል። መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ሰክተው ይጀምሩት። ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ከሆነና ስካን ካላስፈለገ ደግሞ ካኖን ኤልቢፒ6030 የሚባል ሌዘር አለ፤ በዩኤስቢ ነው፣ ቶነሩ ቁጥር 725 ሲሆን 1,600 ገጽ ያህል ያትማል። አብሮት የሚመጣው ግን 700 ገጽ ብቻ ስለሆነ «ቶሎ አለቀብኝ» ብለው እንዳይደነግጡ።