ባለ 64 ፍላሽ 3 ጊጋባይት አልችል አለኝ፤ ድረሱልኝ!

የሐይቅ ዳር ተማሪ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ሐዋሳ ነኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለአማካሪዬ የማስረክበው የሐይቁ የውኃ ከፍታ መረጃ አለ። ቢበዛ 3 ጊጋባይት ነው። ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ትናንት ማታ መገልበጥ ጀምሬ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው «ቦታ የለም» ብሎ ቆመ። ምን ላድርግ?

ሻይ በሎሚ፦ ፍላሹ አስመሳይ ነው። ከመንገድ ዳር ገዝተኸው ይሆናል።

የሐይቅ ዳር ተማሪ፦ ባለፈው ሳምንት 40 ጊጋባይት ፊልም ይዞ በደንብ ሠርቷል። አሁን ባዶ አድርጌው ነው የጀመርሁት።

ፈጣን እጅ፦ ፎርማት አድርገው።

የድሮ መምህር፦ ልጄ፣ ዲስክ ለፋይል ቦታ የሚሰጠው በባይት ቆንጥሮ አይደለም። እኩል እኩል ተከፍሎ ክላስተር በሚባል ቁራጭ ይሰጣል። አንዱን ቁራጭ ሁለት ፋይል አይጋራውም፤ የተረፈው ቦታ ባዶውን ይቀመጣል። በእኛ ጊዜ 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ላይ አንዱ ክላስተር 512 ባይት ብቻ ነበር። ዲስኩ እየገዘፈ ሲሄድ የቁራጮቹ መዝገብ እንዳይንዛዛ ቁራጩም አብሮ ገዘፈ። ስለ መዝገቡ ደግሞ ላስረዳህ፤ በፋት ሥርዓት እያንዳንዱ ክላስተር ቀጣዩን እየጠቆመ እንደ ሰንሰለት...

ሻይ በሎሚ፦ መምህር፣ ልጁ ነገ ጠዋት ነው የሚያስረክበው!

ፈጣን እጅ፦ እኮ፣ ፎርማት ያድርገው።

የታቦር ሥር፦ ፋይሎቹ ስንት ናቸው? ፍላሹስ በምን ፎርማት (በምን ዓይነት የፋይል አያያዝ ሥርዓት) ነው? ፍላሹ ላይ ፎልደሩን በቀኝ ተጭነህ ባሕርያቱን ክፈት። «መጠን» እና «በዲስክ ላይ ያለው መጠን» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ሁለቱንም ጻፍልን።

የሐይቅ ዳር ተማሪ፦ ኤክስፋት ይላል። በየደቂቃው አንድ ፋይል፣ የአንድ ዓመት ስለሆነ 525,600 ናቸው። እያንዳንዱ 6 ኪሎባይት ገደማ ነው። የገባው መጠን 2.8፣ በዲስክ ላይ ግን 59 ጊጋባይት ከምናምን! ቫይረስ ይሆን?

ሰነፍ ፕሮግራመር፦ ለየደቂቃው የተለየ ፋይል? በቀን አንድ ብታደርገው 365 ብቻ ነበሩ። ችግሩ ፍላሹ አይደለም፣ አሠራርህ ነው።

የሐይቅ ዳር ተማሪ፦ መለኪያ መሣሪያው ነው እንዲህ የሚያስቀምጠው፤ እኔ ምን ላድርግ?

የታቦር ሥር፦ ቫይረስ አይደለም። ዊንዶውስ በዚህ መጠን ያለን ፍላሽ በኤክስፋት ሲያዘጋጅ በነባሪ አንዱን ክላስተር 128 ኪሎባይት ያደርገዋል። 6 ኪሎባይት አስገብተህ 122 ባዶውን ይቀራል። ባለ 64 የሚባለው ፍላሽ በዚህ ስሌት ወደ 488 ሺህ ክላስተር ብቻ ነው ያለው፤ አንተ ከዚያ በላይ ፋይል ይዘሃል። ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ሄደህ ለእያንዳንዱ ቆሮሶ ዓሣ አንድ ሙሉ ሣጥን ብትይዝ ማለት ነው።

መፍትሔው፦ ዋናው ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ መኖሩን አረጋግጥ። ፎልደሩን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ በዚፕ አንድ ፋይል አድርገህ እሱን ብቻ ገልብጥ። ፍላሹ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ስትሰርዝ እንዳታድር፣ ፈጣን ፎርማት አድርገው።

ፈጣን እጅ፦ ምን ብዬ ነበር?

የሐይቅ ዳር ተማሪ፦ አማካሪዬ ዚፕ አይወዱም። ፋይሎቹ እንዳሉ ይምጡ ብለዋል።

የታቦር ሥር፦ እንግዲያው ፎርማት ስታደርግ በኤክስፋት ፈንታ ኤንቲኤፍኤስ የሚለውን ምረጥ፤ ክላስተሩን 4 ኪሎባይት አድርገው። እያንዳንዱ ፋይል 8 ኪሎባይት ይይዛል፤ በጠቅላላው 4 ጊጋባይት ገደማ ነው። የእሳቸው ኮምፒውተር ማክ ከሆነ ግን ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ደግሞም ግማሽ ሚሊዮን ፋይል አንድ በአንድ መገልበጥ ዛሬም ሌሊቱን ይፈጃል፤ አሁኑኑ ጀምር።

ሻይ በሎሚ፦ መብራት ካልጠፋ።

የድሮ መምህር፦ የሰንሰለቱን ነገር ሳልጨርስ ነበር...

ሰነፍ ፕሮግራመር፦ ጠያቂው፣ እንዴት ሆነ? አስረከብህ?