ሮምግሌዛን ማን ወለዳት?

ሰሊ፦ ትናንት «ሮምግሌዛ የቲክቶክ ልጆች ቀልድ ናት» ያልከው ሰውዬ፣ ደሜን አፈላኸው። ሮማኒያኛን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ለሚያወሩት ስም የወጣው ቲክቶክ ሳይወለድ ነው። ቃሉም የተቆረጠው እንግሊዝኛ ለተቀላቀለበት ፈረንሳይኛ በወጣው ስም፣ በፈረንሳዩ «ፍራንግሌ» ልክ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኤቲያምብል በ1964 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ የጻፈበት ፍራንግሌ!

ቴዲ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። «በፈረንሳዩ ልክ» ስትዪ ግን ራስሽን ጠለፍሽ። ልኩ የሰው ከሆነ ሮማኒያኖቹ ምን ፈጠሩ?

ጋሼ፦ ተው እንጂ ልጆች። ራሱ ከ«ሮሙና» (ሮማኒያኛ)፣ ጭራው ከ«ኤንግሌዛ» (እንግሊዝኛ)። ሻጋታው የፓሪስ፣ ሊጡ የቡካሬስት።

ቴዲ፦ «ሊጡ»! ታዲያ ጋጋሪው ማነው ጋሼ? ስም አምጡልኝ።

ሰሊ፦ ለእንዲህ ያለ ቃል ጋጋሪ አይፈለግም። ቢሮው ሁሉ የእንግሊዝኛውን «ፕሪንት» እና «ፎርዋርድ» ወስዶ «ፕሪንታ» እና «ፎርዋርዳ» ሲል ስሙ ራሱ ይመጣል።

ቴዲ፦ ራሱ ይመጣል? እንደ ዝናብ?

ሄሉ፦ እናንተ ስለ ስም ትጨቃጨቃላችሁ፣ እዚያ ሮማኒያ ሕግ ወጥቶበታል። ሴናተር ጆርጄ ፕሩቴያኑ ለዓመታት ተሟግቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ሕግ ቁጥር 500 ጸደቀ። በባዕድ ቋንቋ አደባባይ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ የሮማኒያኛ ትርጉም ይኑረው ይላል።

ቴዲ፦ ሕጉ ወጣ፣ «ጆብ» ግን የሮማኒያኛ ጭራ ቀጥሎ «ጆቡል» ተብሎ ይኸው አለ። ምን ጠቀመ?

ሄሉ፦ ትርጉም ይለጠፍ አለ እንጂ አፍ ይዘጋ አላለም! ደግሞ «ፖስት»፣ «ላይክ»፣ «ሼር» ሲል የሚውል ጉራማይሌ በሰው ሕግ ይስቃል።

አቢ፦ ነገሩ ድሮም ነበር እኮ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሮማኒያዊው ደራሲ ቫሲሌ አሌክሳንድሪ በጻፈው ተውኔት ኪሪጻ የምትባል እመቤት ልጇን «ሹካ በፈረንሳይኛ ምን ይባላል?» ትለዋለች። ልጁ የሮማኒያኛውን «ፉርኩሊጻ» ወስዶ «ፉርኩሊሲዮን!» ይላል። ጥብሱም «ፍሪፕቱሪሲዮን»። እናት ሆዬ በኩራት ልትፈነዳ!

ቴዲ፦ እሱ ፈረንሳይኛ ነው። ርዕስ አትቀይር።

አቢ፦ ፈረንሳይን ያመጣችው ሰሊ ናት እንጂ እኔ ነኝ?

ሰሊ፦ እኔ ያመጣሁት ለቃሉ ነው። አንተ ሹካ ይዘህ መጣህ።

ጋሼ፦ «ብሉጅ»ን አትርሱ። ከብሉ ጂንስ የመጣ ነው፤ ዛሬ ማንም ሮማኒያዊ እንደ ባዕድ አያየውም።

ቴዲ፦ ጋጋሪ ብጠይቅ ሹካና ሱሪ ሰጣችሁኝ።

ሰሊ፦ መጀመሪያ «የቲክቶክ ልጆች» ያልከውን አንሳ።

ቴዲ፦ አላነሳም።