ድልድይ እንዲሠራልን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ሰኔ ላይ ልክ ፈተና ሲደርስ የቀበሌያችን ወንዝ ይሞላል። አምና የጎረቤቴን ልጅ አባቷ በትከሻው ተሸክሞ ሲያሻግራት አይቻለሁ። ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ በጥርሷ ነክሳ ይዛው ነበር።

የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራልን ለወረዳው ሁለት ጊዜ ጻፍን። ሁለቱንም ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። መልስ የለም። የመጀመሪያው ሦስት ገጽ ነበር። መብራቱን፣ ማዳበሪያውን፣ የመንደሩን ብሶት ሁሉ አጨቅኩበት። ስህተቴ እሱ ይመስለኛል። ሁለተኛው አጠረና ልመና መሰለ። መዝገብ ቤት ሳስገባም የገቢ ቁጥር ሳልቀበል ወጣሁ።

ልመና አይደለም እኮ! አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተቀመጠ መብታችን ነው። አያቶቻችንም በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩ ሲመጣባቸው አዲስ አበባ ድረስ አቤት ብለዋል።

አሁን ሦስተኛውን ልጽፍ ተቀምጬ ከ«ጉዳዩ፦» አላለፍኩም። በልጅቷ ልጀምር ወይስ በቁጥር? ከፈተና የቀሩትን ተማሪዎች ብዛት ከመምህራኑ ወስጃለሁ። የሽማግሌዎቹንና የእናቶችን ፊርማ አባሪ ላድርገው? ለዞኑና ለእንባ ጠባቂ ተቋም ግልባጭ ብልክ ይጠቅማል ወይስ ወረዳውን ያስኮርፋል? እናቴ «በለዘበ ቃል ጻፍ» ትለኛለች። ወጣቶቹ «ጠንከር አድርገው» ይላሉ።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ጽፎ መልስ ያገኘ ካለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች እንዴት እንደጻፋቸው ይንገረኝ። ሰኔ ሳይገባ ማስገባት አለብኝ።