የቤይሩትን ዓመታት በራሳችን ካሜራ ስንቀርጽ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፣ ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። ቤይሩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ተመልሻለሁ። አብረውኝ ከነበሩ አራት እህቶች ጋር በ2012 ዓ.ም. ያሳለፍነውን የሚናገር አጭር ዘጋቢ ፊልም በስልካችን መቅረጽ ጀምረናል። በመንግሥት ተመን 1,500 የሊባኖስ ሊራ ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያ ክረምት በጥቁር ገበያ ከ8,000 በላይ ደርሶ ነበር። ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ወይም ያልፈለጉ ማዳሞች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው እያመጡ ሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር። የውጭ ቴሌቪዥኖች እዚያ መንገድ ዳር የተነጠፈውን ፍራሽ ደጋግመው ስላሳዩት እኛም ፊልሙን በእሱ ከፈትነው። አቀናብረን ስናየው ግን አንዷ እህታችን፣ «ይህ ሌሎች ያዩን ነው፤ እኛ የኖርነው የታለ?» አለችና ሥራው ቆመ። መከራውን ሳንሸፋፍን፣ ተደጋግፈን እንዴት እንዳለፍነው ለማሳየት ከየት እንጀምር? ፊታቸው እንዲታይ የማይፈልጉትንስ እንዴት እናድርግ?

መልስ 1፣ ከቡርጅ ሐሙድ (ቤይሩት አጠገብ)

እህቴ፣ ከእሑድ ጀምሩ። እኔ እስካሁን እዚሁ ነኝ፤ ያን ጊዜ ሰባት ሆነን በጋራ የምንከራያት አንዲት ክፍል ነበረችን፤ ከሳምንቱ ሁሉ በስማችን የምንጠራባት ቀን እሑድ፣ ቦታዋም ያቺ ክፍል ነበረች። ቡና እየተፈላ ዕቁባችንን እንጥላለን። የዕቁቡ ደብተር አሁንም እኔ ዘንድ አለ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ከእያንዳንዳችን ስም ትይዩ የተጻፈው ዶላር ነው፤ ከጥቅምት 2012 ወዲህ ሊራ ይሆናል፤ ሰኔ ላይ ስትደርሱ «ሩዝ 2 ኪሎ»፣ «ዘይት 1» የሚል ብቻ ታገኛላችሁ፤ ምክንያቱም ዕጣው የደረሳት ልጅ ገንዘቡን ለብቻዬ አልወስድም፣ አስቤዛ ይገዛበት ብላ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፎ ወደቡ ሲፈነዳ መስኮቱ ረከቦቱ ላይ ረገፈ። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያልነበራት ጓደኛችን ሆስፒታል መሄድ ስለፈራች የተቆረጠ እጇን በነጠላ ቀዳድ ያሰርንላት እዚያው ነው። በማግስቱ መስታወቱን ጠርገን ስናበቃ፣ የተረፈንን ሩዝ ቀቅለን ቤታቸው ለፈረሰባቸው ልጆች ወሰድን። በዚያው ዓመት፣ ሊባኖስ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2017 ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ምግብ ያከፋፍል ነበር። የረዱንም የተረዱትም የእኛው ሰዎች መሆናቸው ፊልማችሁ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል።

መልስ 2፣ ከአዲስ አበባ

በፊልም አቀናባሪነት ስለምሠራ ስለ ፊት ጉዳይ ልናገር። ፊትን ማደብዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው በድምፁ፣ በቀለበቱ፣ በበሩ ቀለም ይታወቃል። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም፤ በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ቤቱን ለቅቃ የወጣች ልጅ «የጠፋች» ተብላ የምትፈለግ ስለምትሆን አንዲት ምስል ልታስይዛት ትችላለች። ፈቃድ ሁለት ጊዜ ጠይቁ፤ አንዴ ከቀረጻው በፊት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የተቀናበረውን ራሷ ካየች በኋላ፤ ሐሳቧን ከቀየረች ያለ ክርክር አውጡላት። ድምፁን ለብቻው ቀርጻችሁ በእጆች፣ በጀበና፣ በዚያ ደብተር ምስል ላይ ብታስኬዱት ይሠራል። ወደቡ በፈነዳበት ምሽት ለእናቶቻችሁ የላካችኋቸው የዋትሳፕ ድምፆች ካልጠፉ አስቀምጧቸው።

መልስ 3፣ ከስቶክሆልም

ከላይ የተሰጡትን ምክሮች አከብራለሁ፤ ፍራሹ ከፊልሙ እንዳይወጣ ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ስለ ጥንካሬያችን ብቻ ከተተረከ፣ ሠራተኞቹን ደጃፍ ላይ የጣላቸው ሰው ከታሪኩ ይጠፋል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት በተባባሰ ጊዜ ከደቡብ ሊባኖስ የሸሹ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ትተው መሄዳቸውን፣ ብዙ መጠለያዎችም የውጭ ዜጎችን አንቀበልም ማለታቸውን ሁላችንም አይተናል። ፍራሹ ይታይ፤ እዚያ ላይ ያደረችው ልጅ ግን ማን እንዳመጣት፣ የስንት ወር ደመወዝ እንደቀረባት፣ ሌሊት ማን ብርድ ልብስ እንዳቀበላት ራሷ ትናገር።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሦስተኛው መላሽ፦ ከእኛ አንዷ ሐዝሚዬ አሥራ አንድ ሌሊት አድራለች፤ እርስዎ እንዳሉት ራሷ እንድትናገር ትናንት ስጠይቃት በድምፅዋ ብቻ ለመናገር ፈቅዳለች። ለቡርጅ ሐሙዷ እህቴ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የደብተሩን ገጾች፣ ስሞቹን በወረቀት ሸፍነሽ፣ በመስኮት ብርሃን ቀርጸሽ ብትልኪልን ፊልሙን ከዚያ እንጀምራለን። ከዚያ በፊት ግን ስድስቱንም ጓደኞችሽን ጠይቂልን፤ አንዷ እንኳ ካልፈቀደች ይቅር።