በስድስተኛ ወር እርግዝና የታዘዘልኝን አንቲባዮቲክ ልውሰድ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ (ነፍሰ ጡር፣ ድሬዳዋ ሳቢያን)
ጤና ይስጥልኝ። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሽንቴን ሲያቃጥለኝ ሰንብቶ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ በሽንት ምርመራ ኢንፌክሽን ተገኝቶብኝ ለሰባት ቀን የሚወሰድ አሞክሳሲሊን ታዘዘልኝ። አማቴ ግን «መድኃኒት ጽንሱን ይጎዳል፤ ውኃ አብዝተሽ ጠጪ፣ ይለቅሻል» ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ እሱ ታሞ ሳለ ከወሰደው ዶክሲሳይክሊን የተረፈው በቡፌው መሳቢያ ውስጥ ስላለ እሱን እንድጀምር ይመክረኛል። የማንን ልስማ?

መልስ (ፋርማሲስት፣ ሐረር)
እህቴ፣ ዶክሲሳይክሊኑን ፈጽሞ እንዳይወስዱ። ከቴትራሳይክሊን ወገን ስለሆነ፣ በእርስዎ የእርግዝና ወራት ከተወሰደ በጽንሱ አጥንትና ገና በሚሠራው ጥርስ ላይ ተጣብቆ የልጁን ጥርስ ሊያበልዘው ይችላል። አሞክሳሲሊን ግን የፔኒሲሊን ዘር ሲሆን፣ ለነፍሰ ጡሮች ለረጅም ዘመን ሲታዘዝ የኖረና ለጽንሱም የማያሰጋ ተብሎ የሚመረጥ ነው። ከዚህ ቀደም ፔኒሲሊን ወስደው ሰውነትዎ አሳክኮት ወይም ፊትዎ አብጦ የሚያውቅ ከሆነ ብቻ፣ ሳይጀምሩት ላዘዘልዎ ባለሙያ ይንገሩ። ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትና በመውለጃ ሰሞን ስለማይመከር፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክም በእርግዝና ስለማይመረጥ፣ ፋርማሲ ሲገቡ እርጉዝ መሆንዎን አስቀድመው ይናገሩ።

መልስ (አዋላጅ ነርስ፣ ድሬዳዋ)
አማትዎ የሚሰጉት ለእርስዎና ለልጁ አስበው ነው፤ ውኃውም በድሬ ሙቀት የግድ ነው። ይሁንና ውኃ ብቻውን ባክቴሪያውን አያጠፋውም። በእርግዝና ጊዜ የሽንት መውረጃው ስለሚላላና ማሕፀኑም ስለሚጫነው ሽንት ቶሎ አይወርድም፤ ስለዚህ ሳይታከም የቀረ ኢንፌክሽን በቀላሉ ወደ ኩላሊት ይወጣል፣ ምጥንም ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ምንም ሕመም የማይሰማትን ነፍሰ ጡር እንኳ ባክቴሪያ ከተገኘባት የምናክማት። ማቃጠሉ ቢተውዎም የታዘዘልዎን ይጨርሱ። አሞክሳሲሊንን የለመዱ ባክቴሪያዎች ስላሉ፣ በሁለትና በሦስት ቀን ካልተሻለዎት ተመልሰው የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው የሚለይ ምርመራ) እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ካተኮሰዎት፣ ጎንዎን ከወጋዎት ወይም ካስመለሰዎት ግን ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።

መልስ (የምታጠባ እናት፣ ሐረር ጁገል)
ከወለዱም በኋላ ይህ ጥያቄ ይመጣልና ልጨምርልዎ። ጡቴ ቆስሎ ሲያተኩሰኝ ክሎክሳሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ፤ ጎረቤቶቼ ማጥባት አቁሚ ቢሉኝም፣ ሐኪሟ ወደ ወተቱ የሚያልፈው መድኃኒት በጣም ጥቂት እንደሆነና ጡቱ ካልተጠባ ወተቱ ተጠራቅሞ ሕመሙ እንደሚብስ አስረድታኝ ከታመመውም ጡት ማጥባቴን ቀጠልኩ። የልጄ ዓይነ ምድር ትንሽ ቀጥኖ ነበር፤ መድኃኒቱን ስጨርስ ተስተካከለ። በአፉ ውስጥ ነጭ ነገር እንዳይወጣም እንድመለከት ነግራኝ ነበር፤ ከወጣ ሕክምና አለው።