ጢያን አይቶ የሚመለሰውን እንግዳ እንዴት እናሳድረው?

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን ቤተሰብ። ባለፈው ተጨቃጭቀን የተውነውን እዚሁ እንጨርሰው። ስለ ቱሪዝም ለቢሮ የምናስገባው ማመልከቻችን አንድ ነገር ብቻ ይያዝ። ከአዲስ አበባ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት የሚመለሰው እንግዳ አንድ ሌሊት እኛ ጋ ይደር፣ በቃ። የጥንት ሰው መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጥሬ፣ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ የትክል ድንጋዮቹ ጢያ፣ ቡታጅራ አንድ መንገድ ይዘው ነው ያሉት። ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ መልካ ቁንጥሬም በ2024 ተከተለ። ሰዉ ግን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል።

ከቡታጅራ፦ እኔ አሁንም ሎጅ ነው የምለው። ሀረ ሸይጣን ሐይቁ አፋፍ አካባቢ ቢሠራ ማን ይጠላል?

ከጢያ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሎጁ ይቆየን። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት! በቀደም እንግዶች ይዤ ወደ አንድ መስህብ ሄጄ፣ አንዷ ጨንቋት የሰው ግቢ አንኳኩተን ነው የገባነው። በሀፍረት ልሞት! ከዚያ አስጎብኚ። ከጢያ 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ ላይ የተቀረጸ ምስል አለ። ሰይፉን ማንም ያውቀዋል፣ የቀረውን ግን አስረጂ ከሌለ ድንጋይ ዓይተህ ትመለሳለህ። ከሥር መቃብር እንደነበረ እንኳ ሳይሰማ የሚሄድ ስንት አለ። የሰፈራችን ልጆች ሰልጥነው ይሥሩበት።

ከአዲስ አበባ፦ እህቴ ልክ ነሽ። ግን ለማደር ምክንያት ያስፈልጋል፣ ድንጋይ ብቻውን አያሳድርም። የሚያሳድረው እርሻው ነው። እንሰት ሲፋቅ፣ የማረቆ በርበሬ ቀይ ሆኖ ሲሰጣ ማየት። ፈቃደኛ ገበሬዎች ቤት አንድ ሁለት ክፍል ቢዘጋጅ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። መስቀል ላይ እናስጀምረው?

ከቡታጅራ፦ በመስቀል? ኧረ በፈጠራችሁ! ያኔ የራሳችን ልጆች ከየአገሩ ገብተው ለዘመድም አልጋ የለም። በርበሬ በሚሰጣበት ሰሞን ይሁን። ሎጁንም ትቼዋለሁ፣ ተሸነፍኩ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ ተመዝግቧል 😄 አንድ ነገር ግን አትርሱ፣ መልካ ቁንጥሬና አዳዲ በኦሮሚያ፣ ጢያና ቡታጅራ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው ያሉት። አንዱ ቢሮ ብቻ ጋ ብናስገባ ግማሽ መንገድ ላይ እንቀራለን። ሁለት ቅጂ ይሁን። የፈቃደኞቹን ገበሬዎች ብዛት ከቡታጅራ ያላችሁ አጣሩልኝ፣ ለመጸዳጃው የሚሆነውን ቦታ ደግሞ ጢያዎች ተመልከቱ። ረቂቁን እሑድ ማታ እለጥፋለሁ።