ለፒክአፕ ካሶኒ ክዳን፦ ሸራ ይሻላል ወይስ ጠንካራው?

ባለ ናፍጣው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለኝ፣ ካሶኒው እስካሁን ክፍት ነው። በአዘቦት ቀን የምጭነው የሥራ ዕቃ ነው፤ ትራፓኖ፣ የመፍቻ ሳጥን፣ ገመድ ምናምን። አምስት ደቂቃ አቁሜ ስገባ እንኳ ልቤ ውጭ ነው የሚቀረው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ፍሪጅ ወይም ቁም ሳጥን አድርስልኝ የሚል ዘመድ አይጠፋም (ፒክአፕ ያለው ያውቀዋል)። የሚጠቀለል ሸራ፣ የሚታጠፍ አሉሚኒየም፣ ወጥ ፋይበር፣ እንደ ሱቅ መዝጊያ የሚሳብ፣ አይቼ አይቼ ዞረብኝ። ዝናብ እንዳያስገባ፣ ሌባም እንዳይከፍተው ነው የምፈልገው። ምን ትሉኛላችሁ?

ጎማ ፈታሁ፦
ወንድሜ፣ ቁም ሳጥን ካልክ ወጥ ፋይበሩን አሁኑኑ ሰርዘው። ያምራል፣ አልዋሽህም፤ በመኪናው ቀለም ከተቀባ አብሮ የተሠራ ነው የሚመስለው። ግን ረጅም ዕቃ በመጣ ቁጥር ሙሉውን ማውረድ ነው፣ ለዚያም ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ማስቀመጫ ቦታም እንደዚሁ። የኔ ግማሹን ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ነው የከረመው። ላንተ የሚሆነው ሦስት ቦታ የሚታጠፈው አሉሚኒየም ነው። መቆለፊያው ከውስጥ ስለሆነ የኋላ ስፖንዳ እስካልተከፈተ ድረስ ፈልቅቆ መክፈት ይከብዳል። ሸራ እኮ በአንድ ምላጭ ነው የሚያልቀው።

የሸራ ወገን፦
ኧረ ሸራን አታጣጥሉብን! ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ብቻህን ጠቅልለህ ወደ ጋቢናው ታስጠጋዋለህ፣ ካሶኒው ክፍት ሆነ ማለት ነው። ሌባም ቢሆን ውስጡ ምን እንዳለ ካላየ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ችግሩ ፀሐይ ነው። ሲቆይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ተኮማትሮ አልዘጋ ይላል። ውድ መሣሪያ የምታሳድርበት ከሆነ ግን እኔም ሸራ ግዛ አልልህም።

ቡሎን አጥባቂ፦
ስለ ዝናቡ እውነቱን ልንገርህ። ሙሉ በሙሉ ውሃ የማያስገባ ክዳን አልገጠመኝም። ውሃው ብዙውን ጊዜ በክዳኑ መሃል አይደለም የሚገባው፣ በኋላ ስፖንዳው ዙሪያ ባለው ክፍተትና በጋቢናው በኩል ባሉት ማዕዘኖች ነው። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዛ ስፖንዳው ዙሪያ የሚለጠፍ ላስቲክ ጨምርበት። እንደ መዝጊያ የሚሳበው ሲጠቀለል የሚገባበት ሳጥን አለው፤ ካሶኒው ውስጥ በጋቢናው በኩል ይቀመጥና ቦታህን ይሻማሃል። ማዕዘኑ ላይ ውሃ የሚያወርዱ ቀጫጭን ቱቦዎችም አሉት። ቅጠልና ጭቃ ሲደፍናቸው ሳጥኑ ይሞላና ወደ ዕቃህ ይገለበጣል፤ እኔ ይሄንን የተማርኩት አንድ ካርቶን ወረቀት ከበሰበሰብኝ በኋላ ነው። በአቧራ መንገድ የምትነዳ ከሆነ መዝጊያው የሚንሸራተትበትን ሐዲድም ቶሎ ቶሎ ጥረግ፣ አሸዋ ከገባበት ይነክሳል።

ሌላው ልኩ ነው። «የዚህ ሞዴል ነው» ስላሉህ ብቻ አትግዛ። ያው ሞዴል ሆኖ የካሶኒው ርዝመት ይለያያል። የኋላውን ስፖንዳ ዝጋና ከጋቢናው በኩል ካለው ግድግዳ እስከ ስፖንዳው ድረስ በውስጥ በኩል ለካ። ከጋቢናው ጀርባ የቆመ ቱቦ ብረት ካለህ ብዙዎቹ አይገጥሙም። ካሶኒው ውስጥ የተነጠፈው ፕላስቲክ ጠርዙን ከሸፈነውም ክዳኑን የሚይዘው መቆንጠጫ ብረቱን አያገኝም፣ መቆንጠጫው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩን መቁረጥ ይኖርብሃል። ላሜራውን ባይበሱት ይመረጣል፤ ከተበሳ ግን ቀዳዳውን ያኔውኑ ፀረ ዝገት ቀባው። ከተገጠመ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ቡሎኖቹን መልሰህ አጥብቅ፣ በንዝረት ይላላሉ።

አንድ ነገር ረስቼ፦ የቤንዚን ጀሪካን ይዘህ ክዳኑን ዘግተህ አትጓዝ። ትነቱ እዚያው ይታመቃል።

ጎማ ፈታሁ፦
እሱ እንዳለ ሆኖ የኋላ ስፖንዳህ ቁልፍ አለው? በሪሞት በሮቹን ስትቆልፍ ስፖንዳው አብሮ የማይቆለፍባቸው ፒክአፖች ብዙ ናቸው። ስፖንዳው ክፍት ከሆነ የአሉሚኒየሙ ጥንካሬ ምን ይረባል?

ባለ ናፍጣው፦
አሁን ወርጄ አየሁት። ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም! ስንት ዓመት ነድቼው እኮ ነው። ርዝመቱንም ለካሁት፣ 152 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከጋቢናው ጀርባ የቆመ ብረትም የለም። መጀመሪያ የስፖንዳ ቁልፍ አስገጥማለሁ፣ ከዚያ ወደሚታጠፈው አሉሚኒየም። ቁም ሳጥን የሚጭነው ዘመዴም ክዳኑን ራሱ ያጥፍ።